የአንድ ሳንቲም አረንጓዴ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ዱሉዝ፤ ሐይቁ እስከ ማዶ ረግቷል፣
የሉተራኖቹ ምድር ቤት በካርቶን፣ በሰው ሞልቷል።
አርቪድ ሃግሉንድ ተቀምጧል፣ መነጽሩን በክር አንጠልጥሎ፣
የሞተ ሰው ሰላምታ ሁሉ ባገር ባገሩ ከፋፍሎ፦
«ሚሺጋን»፣ «ዊስኮንሲን»፣ «መርከብ»፣ «ባቡር»፣ «ገና»፣ «ፋሲካ»፤
አንዱ ካርቶን ብቻ ስም የለው፤ በዶላር ነው፣ የፈለገ ይነካካ።

እኔ ሥዕሉን አላይም፤ ፏፏቴውን፣ ሆቴሉን፣ ባንዲራውን፤
ገልብጬ ነው የምጀምር፣ ቀኙን፣ የላዩን ማዕዘን።
ቴምብሩ ጥርሱ ሙሉ ነው? ማኅተሙ ቀለሙን ጠግቧል?
ሰዓቱስ፣ ጠዋት ነው ማታ? የመንደሩ ስም ይነበባል?
አንዳንዱ ባቡር ላይ ነው፣ እየሄደ የተመታ፤
መቺው እጁ ሲዘልበት፣ ክቡ ቀረ እንደተንገላታ።
ሚስቴ ትስቃለች፦ «ሰርግ ያለበት ካርድ ገዝተህ፣ የምታነበው ማኅተም!»
እውነቷን ነው። ብዙ ዓመት፣ ከቀን በቀር አላነበብኩም።

ካልደርን የማውቃት በማኅተም ነው። ዛሬ ብትሄድ የለችም፤
ብረት ከሥሯ ተገኘና ቆፈሯት፣ አላስተረፏትም።
ቤቶቿን በግንድ አንከባለው ወሰዱ፤ ፖስታ ቤቷ የነበረበት
አሁን ባዶ አየር ነው፤ ቁራ ነው የሚያልፍበት።
ሦስት ካርድ ነበረኝ ከሷ። አርቪድ ያውቃል መሻቴን፤
አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ አቀበለኝ አራተኛዬን።

«ይኸ ተበላሽቷል» አለኝ፤ «ዋጋም አልልህ፣ ውሰደው።»
ቴምብሩን ከነማዕዘኑ፣ አንድ መቀስ ነው የወሰደው።
ከክቡ «ካል» ብቻ ቀርቷል፤ «ደር» ከቴምብሩ ጋር ሄዷል፤
ማርች አሥር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት፤ ይኸ ግን ያስታውቃል።

ያኔ ደግሞ ደንብ ነበረ፦ ጀርባው ላድራሻ ብቻ ነው፤
ነገር ያለው ሰው የሚጽፈው፣ ከሥዕሉ ሰማይ ላይ ነው።
ገለበጥኩት። የመጋዝ ቤት፣ ጥድ፣ ሰማዩ ላይ ቀጭን እርሳስ፣
መጀመሪያው የተቆረጠ፦
«… አለ ሐኪሙ። ለእማማ አትንገሪ፣ እኔ እስክመለስ።
ዶሮዎቹን አደራ። ሂልዱር።»

ምድር ቤቱ መሐል ቆሜ
ሰው በትከሻው እየገፋኝ
ያቺን አንዲት ቃል አጣኋት።

ቤት ገባሁ፤ ሦስቱን አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ከኔ ጋር ኖረው!
አንዱ ከሴልማ ነው፤ ካልደር የገባበት ማኅተም ያለው።
ስለ ማኅተሙ አራት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ስለ ሴልማ ምንም።
«ሐኪሙ ምን አለሽ? ጻፊልኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»
ማርች ስድስት።

መቀሱስ የማን ነበር? እኔም በመቀስ ነው የጀመርኩ፤
ካርዱ ቦታ ያጣብባል ብዬ፣ ስንቱን ቆርጬ ወረወርኩ።
መሳቢያው ውስጥ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ፣ ያንድ ሳንቲም አረንጓዴ፤
ማን ይቆጥራቸዋል? ርካሽ ናቸው፤ እንደ ገብስ፣ እንደ ስንዴ።

ማታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። አንድ በአንድ
በፊታቸው ደፋኋቸው፤ ጀርባቸው ላይ፣ ምንም ቢሆን፣ ቃል አይታጣም በአንዳንድ።
«ደረሰ»። «ጨው»። «በባቡር»።
«ያው እንደ ድሮ»። «ውሻው»። «አልቀር»።
አንዱ ላይ ነጠላ ሰረዝ። አንዱ ላይ የደመና ጫፍ፣
አንዱ ላይ የሰው ክንድ፣ ከማን እንደሆነ እንጃ፣ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ።

ሚስቴ ከመኝታ ተነስታ፣ ጫማዋን እየጎተተች መጣች፤
«ምን ጠፋህ በዚህ ሌሊት?» አለች።
«ሐኪሙ ያለው» አልኳት። ካርዱን አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤
አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።
ግማሹን ወደሷ ገፋሁ። «እርሳስ ነው፣ ቀጭን፣ ወደ ግራ ያዘነበለ።»

ከመቶ በላይ አይተናል። የለም። ቆርቆሮው ውስጥ ገና አለ።