ኖራ

ትኬቱን ቀደደና ግማሹን መለሰልኝ፣
የፊት በር ዘበኛ "ይግቡ" ሲል ከፈተልኝ።
አስጎብኚው ወጣት፣ ጫማው አቧራ የጠጣ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ከነገሥታት መጣ፤
ማን እንዳስጀመረ፣ ማን ላይ እንደቆመ፣
የትኛው በእሳት፣ የትኛው በቦምብ እንደታመመ።

የእኔ ዓይን ግን ያረፈው ከግቢው አጥር ነው፣
ከዚያ ከረዥሙ፣ ማንም ፎቶ ከማያነሳው፤
ጦር ሊመልስ ቆሞ፣ ፈረስ ሊያስደነግጥ፣
ዛሬ እንሽላሊት ፀሐይ ሲሞቅበት ዝም ብሎ የሚያፈጥጥ።

"ወደ ማማው እንውጣ" አለኝ፣ "ይዩት የሚታየውን።"
ወጣን። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ጉልበቴ ነገረኝ ዕድሜውን።
መጀመሪያ ነፋስ። ከዚያ ከተማው፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣
ባጃጁ እንደ ጉንዳን ፒያሳን ዞሮ ዞሮ፣
የጃንተከል ዋርካ፣ ጥላው እንደ ድንኳን፣
አንገረብ በሸለቆው፣ ቀሃ በወዲያው ጎን፤
በደቡብ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ጣና ይሁን ሰማይ
ማንም ያልለየው አንድ ብልጭታ፣ ስስ ነጠላ መሳይ።

"ከዚህ ነበር" አለ፣ "ጠላት ሲመጣ የሚታየው።"
ይገርማል። ለካ ፍርሃት ነው
እንዲህ ያለ ቦታ መርጦ የሚቀመጠው።

እናቴ ይህን አላየችም።

አንጓች፣ እናቴ፣ ይህን ግንብ ሲጠግኑ
ኖራ ተሸካሚ ነበረች፣ በቀን ሒሳብ፣ በየቀኑ፤
በጣሳ፣ በራሷ፣ ከጉድጓዱ እስከ መሰላሉ ጫፍ፣
ፊቷን ወደ ድንጋዩ፣ ጀርባዋን ወደዚህ ሁሉ።
ሸክም ያለበት ሰው ዞሮ አያይም።
ማታ መዳፏን ቅቤ ስቀባላት፣ የተላላጠውን፣
"ምን አለ እዚያ ላይ?" እላት ነበር።
"ድንጋይ" ትለኛለች። "ድንጋይና ይርሳው፣
'ቶሎ በይ!' እያለ የሚጮኸው።"

እናም ዞር ብዬ ለእሷ አየሁላት፤
ቆርቆሮውን፣ ዋርካውን፣ ያልለየለትን ውሃ፣
ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ፣
አስጎብኚው ሰዓቱን እስኪያይ ድረስ።

ይርሳው ዛሬም አለ። ስሙ ነው እንጂ ይርሳው፣ አንድም ነገር አይረሳ፤
ትናንት ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው ከዘራውን አነሳ፣
መሬት ላይ ሣለልኝ፦ "ከእርግብ በር በስተግራ
ሠላሳ እርምጃ ቁጠሪ፤ ልስኑ ከሌላው ነጥቶ የሚያበራ፤
እዚያ ጋ፣ በወገብሽ ልክ፣ የጣት ምልክት አለ።
ቁጣዬን ፈርታ ስትደገፍ ነው፣ ገና ሳይደርቅ።
ላስተካክለው ብዬ ማንኪያዬን አነሳሁ፤
እጄ እምቢ አለ።"

ወረድሁ። ሠላሳ ቆጠርሁ። የለም።
ተመልሼ ቆጠርሁ።
የግንበኛ እርምጃ የእኔ አይደለም፤ አርባ አንድ ላይ አገኘሁ።
አራት ጣት። አውራ ጣቷ የለችም፤
ጣሳውን ደግፋ ይሆናል።
ጣቶቼን ከተትሁ። ጠበቡኝ፤
ቀለበቴ ጠርዙ ላይ ተያዘ።
ያኔ ይህን ያህል ልጅ ነበረች ለካ!
ስትቆጣኝ እንደ ተራራ የምትገዝፍብኝ ሴት
ዛሬ ብትመጣ ታናሼ ናት፣
ሸክሟን የምቀበላት።

"እማማ፣ መንካት ክልክል ነው" አለኝ ልጁ፣ በትሕትና።
እጄን ሰበሰብሁ።
"ምን አገኙ?"
"እዚህ ኖራ ነበር" አልሁት።
"አሁንም አለ እኮ!" አለኝ፤
ክልከላውን ረስቶ
ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።