በሃይላንድ የማይሸጥ

ቆጪ መታጠፊያው፣ ከጎሚስታው ፊት፣
አንድ ድንጋይ አለኝ፤ ሱቅም ነው፣ ርስት።
ሦስት ሃይላንድ ቤንዚን በላዩ ደርድሬ
ማደያው ሲደርቅ ነው የሚርስ ከንፈሬ።
እጄም ይሸታል፤ ልብሴም ይሸታል፤
ሌሊት ሳስል እንኳ ሳሌ ቤንዚን ይላል።
ሲጋራ የያዘ ካጠገቤ አይቆምም፣
ልጄ ስትስመኝ ትንፋሽ አትወስድም።

ሙአዝ ተከራዬ፣ የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪ፣
አንድ ማታ መጣ ሲሮጥ እንደ አብሳሪ፦
«ሰዓዳ! ሰምተሻል? አለቀ ያንቺ ጣጣ!
መኪና ተሠርቷል፣ ከጭስ ማውጫው ሲወጣ
ውሃ ነው። ውሃ ብቻ! ጠብ ጠብ የሚል፣
ጥላሸት የሌለው፣ ሳንባ የማያቃጥል።
ሃይድሮጅን ነው ስሙ።»

እኔ ነጋዴ ነኝ፤
ተአምር ሲነግሩኝ ዋጋው ነው የሚታየኝ።
«ሊትሩ ስንት?» አልኩት።
«በኪሎ ነው ሚዛኑ።»
«ኪሎውስ?»
ጆሮውን አከከ። ቀላ ፊቱ፣ ዐይኑ።
በባሕር ማዶ ሒሳብ፣ ወደ ብር ሲመታ፣
የአንድ ወር ኪራዩን ዋጠው ባንድ አፍታ፤
ያም ኪሎ ተገዝቶ፣ ታንከር ውስጥ ገብቶ፣
ሰኮሩ ላይ ያልቃል ከጅማ ተነሥቶ።

«እሺ በምን ልያዘው? ሃይላንዴ ይበቃል?»
ሳቀብኝ። «ሰዓዳ፣ ብረት አልፎ ይሾልካል!
ሰባት መቶ እጥፍ ታምቆ፣ ታጭቆ፣
በወፍራም ታንከር ነው የሚኖር ተጠብቆ።
ቢፈስ ሽታ የለው፤ ቢነድ በጠራ ፀሐይ
ነበልባሉን ዐይን እንዲህ በቀላሉ አያይ።»
የክንዴን ጠባሳ ዳበስኩት ሳላውቀው፤
እኔን ያቃጠለኝ ቢያንስ የሚታይ ነው።

«ከየትስ ይቀዳል?»
«ውሃን በመብራት ኃይል ሰንጥቀን።»
«ሁልጊዜ?»
ልጁ መዋሸት አያውቅ፤ አቀረቀረ ለጊዜ።
«አብዛኛው ለዛሬ ከምድር ጋዝ ይወጣል፤
ጭሱም እዚያው ማዶ ፋብሪካው ደጅ ይቀራል።»
እንዲያ ነው? ማለትም፣ ጭሱን እንደ ጉድፍ
ሰው ደጃፍ ደፍቶ ነው ንጹሕ ሆኖ ማለፍ።
«በመብራት ሲሆንስ?»
«ንጹሕ ነው። ግን ይባክናል፤
ከሦስት እጅ ኃይል አንዱ ጎማ ይደርሳል።»
ሦስት ጀሪካን ቀድቼ ከቦኖ ስመለስ
ሁለቱን መንገድ ላይ ደፍቼ ቤት ብደርስ
ልጄ በምን ትታጠብ? ማታስ ምን ትጠጣ?

ቅዳሜ ወሰደኝ ሙከራው ሲወጣ፤
የጋሪ እኩሌታ፣ ጎማው የብስክሌት፣
ከጥዱ እስከ አጥሩ ተንፏቀቀ፣ በግምት
ሠላሳ እርምጃ። ከዚያ ቆመ። ከሥሩ
አንዲት ጠብታ ወርዳ አረፈች ከምድሩ።
ጎንበስ ብዬ ነካኋት። ጣቴን አሸተትኩ።
ምንም።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ምንም ናፈቅኩ።

ሊደግሙት ሲሉ ግን መብራቱ ድርግም አለ፤
በጠርሙሱ ያለው አረፋም ጎደለ።
ግልገል ጊቤ እዚሁ አጠገባችን ተኝቶ፣
ሽቦው በራሳችን ላይ ሌላ አገር ተጎትቶ!
ሙአዝ አንገቱን ደፋ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት፤
«የዚህን ወር ኪራይ ይቆይልህ» አልኩት።

ዛሬ ድንጋዬ ላይ ነኝ። ዝናብ እየጣለ፣
የፈሰሰው ቤንዚን ቀስተ ደመና እየሣለ
ወደ አዌቱ ይወርዳል፤ እኔው ነኝ ያፈሰስኩት፣
አይቼ እንዳላየሁ ስንት ዓመት ዝም ያልኩት።
ኑረዲን ባጃጁን አቁሞ ሊቀዳ
ከሦስቱ ጎን ያለች፣ አራተኛ፣ ባዳ
ሃይላንድ አየ፤ ታጥባ፣ ክዳኗ የጠበቀ።
«ባዶም ትሸጫለሽ?» ብሎኝ ተሳለቀ።
«የሙአዝ ናት» አልኩት። «ዋጋዋ ገና ነው።»
ሁለት ሊትር ቀዳሁ።
ሳሌ ተነሣብኝ፤ መልሱን ሳልሰጠው።