ሦስት ቃል

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የከዚራ ሙቀቱ
ቆርቆሮ ሲያንጣጣ፣ ሲተኮስ ጸሎት ቤቱ፣
እኔ መሰላል ላይ፣ ገመድ በጥርሴ ይዤ፣
ከታይዋን ገበያ ስፒከር አግዤ፤
ከታች ጋሽ ዘውገ፣ ክንዱን አጣጥፎ፣
የባቡር ቤት ኮፍያው ቅንድቡ ላይ አርፎ፣
(በድሬ ወግ "አንተ" ነው፣ ሰማንያም ቢሞላ)
ያየኛል ዝም ብሎ ከኒም ዛፉ ጥላ።

ሊል ነው አልኩ በሆዴ፣ "ይሄ የዓለም ጩኸት"፣
ሊል ነው፣ "በኛ ጊዜ በቅቶን ነበር ጸሎት"።
አላለም።
እጁ ላይ ወረቀት፤ የነገው ንባቡ፣
አጥንቱን አውጥቼ ያስቀረሁት ስቡ።
ስክሪን ላይ እንዲያምር፣ እንግዳ እንዳይሸሽ፣
"ተመለሱ" ያለውን ቆርጬዋለሁ ትናንት ሲመሽ።
ኮሚቴውም ወዶታል።

"ውረድ" አለኝ፤ ወረድኩ። "ና፣ ደቻቱን እንይ።"

ደቻቱ ደረቅ ነው፤ አሸዋ ነው ሁሉ፣
ልጆች በድንጋይ ጎል ኳስ ይጫወታሉ፣
ሎሚ ሻጭ ዣንጥላ ተክላለች መሐሉ።
"ወንዝ ይመስላል?" አለኝ።
"ኧረ አይመስልም" አልኩት።
"ያኔም አይመስልም ነበር" አለ፤ ተቀመጠ፣
ጉልበቱን እያሸ፣ ቃል እየመረጠ።

"የባቡር ቤት ስልክ ላይ ነበርኩኝ ተረኛ፣
እኩለ ሌሊት ነው፣ ከተማው የተኛ።
ከደንገጎ በላይ ደወለልኝ አንዱ፣
ሦስት ቃል ተናግሮ ተቆረጠ ገመዱ፤
'ውሃ መጥቷል፤ ውጡ።'
ወጥቼ ሰማዩን አየሁት፤ ኮከብ ሞልቶታል፤
ሰው ይደነግጣል አልኩ፣ ነገ ይስቅብኛል፤
እና አለሳለስኩት።
በር እያንኳኳሁኝ፣ በትሕትና፣ በለዛ፣
'ደጋው ያካፋል አሉ' አልኩኝ እንደዋዛ።
ሰዉም አመሰገነኝ። 'ተባረክ' አለና
በሩን መልሶ ዘግቶ ተኛ እንደገና።"

ዝም አለ።
ኳሷ እግሩ ሥር መጣች፤ በእጁ መለሳት።

"ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ምድር የሚያርዕድ፣
ቤት ተሸክሞ እንደሚሮጥ ባቡር፣ ያለ ሐዲድ።
ያኔ ጮህኩ ቃሉን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣
በአማርኛ ብቻ፣ እስኪደርቅ ምላስ።
ሂቦ ልጇን አቅፋ በሯ ላይ ታየኛለች፣
በሶማልኛዋ 'ምንድን ነው?' ትለኛለች፤
እውነቱን ነበር የምነግራት፣
እውነቱ ግን አልገባት።

ኡመርዲን ጋሪ ነጂው ነበር የደረሰ፣
ቸርኬ በብረት መትቶ ሰፈሩን ያመሰ፤
'ቢዮ!' አለ፣ 'ቢሻን!' አለ፣ 'ውሃ!' እያለ ሮጠ፣
ድምፁን እንጂ ቃሉን አንዴም አልለወጠ።
ሂቦ ወጣች።
'ተባረክ' ያሉኝ ግን አልወጡም።"

ስንት እንደነበሩ አልጠየቅኩትም።

ተመለስን። መሰላሉ እንደቆመ ነው።
"ከፍ አድርገህ ስቀለው" አለኝ ስፒከሩን፣
"እስከ መጋላ ማዶ ያሻግረው ድምፁን።"
ወረቀቷን አጥፎ ኪሴ ውስጥ ከተታት፤
ኋላ ገልጬ ሳያት፣
በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣
አጥንቷን መልሶባት።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት፣
ኦሮምኛውንም ሶማልኛውንም ከሥሩ ደረደርኩት፤
"ተመለሱ" የሚለው ላይ ስደርስ ግን፣ አልዋሽም፣
የፊደሉን መጠን ሦስቴ ቀያየርኩት።

መሸ። መብራት አልጠፋም፣ ተመስገን።
"በል እስቲ ሞክረው" አልኩ፣ ማይኩን ዘርግቼ፤
"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይላል ብዬ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ።
ኮፍያውን አወለቀ። ጉሮሮውን ጠረገ።
"ውሃ መጥቷል፤ ውጡ።"

ውጪ፣ መንገዱ ላይ፣ አንድ ባጃጅ ቆመ ቀጥ ብሎ፤
ሹፌሩ ወረደ፣ ሰማዩን ሊያይ፣ ቁልፉን ነቅሎ።