ቁና ገብስ

ሌሊት ነው ሚጠሩት። ቀን ማንም አይመጣም፤
አጥንት ቢሰበርም ሞፈር ሥራ አይፈታም።
በሬ ሲፈታ ነው ሰው የሚታወሰው፣
«የወጌሻ ቤት ሆይ!» የሚጮኸው ያ ሰው።

ወልደሐና ይነቃል ውሻችን ሳይነቃ፣
ይወረውርልኛል የስልቻውን ዕቃ፦
የሽመል ስንጣሪ፣ የበግ ለስላሳ ጠጕር፣
አንድ ምላጭ፣ ሁለት ቀንድ፣ የቅቤ ቅል፣ ክር።
አሥራ ሁለት ዓመቴ። እንቅልፌን ተሸክሜ
እከተለዋለሁ፣
የጓሳ ውርጭ ገብቶ ከመሐል ቅልጥሜ።

ከደረስን በኋላ «ጧፉን አጥፉት» ይላል፤
«ዓይን ያስቸኩላል፣ እጅ ጠይቆ ይገባል።»
በሽተኛው ሲያቃስት እሱ ወሬ ያወራል፦
ስለ በግ፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ጎረቤት ክስ፤
ሰውዬው ተረስቶት፣ አንድ ቃል ሊመልስ
አፉን ሲከፍትለት፣
ቀጭ!
አጥንት ቤቱ ገባ።
ሰውዬው ሲያነባ
እሱ ከክሱ ነው፦ «እሺ፣ ዳኛው ምን አለ?»

ዋጋው ቁና ገብስ፣ ካለ። ከሌለ ምርቃት።
«ምርቃት አይፈጭም» ትላለች ሚስቱ ማታ ለራት።

አንዱን ከወንጪት አፋፍ፣ ማር ሊቆርጥ የወረደ፣
ገመድ የከዳውን፣ ወገቡን ዳስሶ
እጁን ቀስ አርጎ አነሣ፣ በጋቢው አብሶ፤
«ቄሱን ጥሩ» አለ። ሌላ አልተናገረም።
ያን ሌሊት ስንመለስ ስለ በግም አላወራም።

ኋላ ወሬ መጣ
በበግ ነጋዴ አፍ፦ «ላሎ ምድር ፈንጣጣ!»
ቀለል ካለለት ልጅ ቅርፊቱን ፈቅፍቆ፣
ከማር ጋር ለውሶ፣ ምላጩን አሙቆ
መጀመሪያ በጣ የገዛ ልጁን ክንድ፣
ቀጥሎ የኔን። ይኸው፣
ያሳክከኛል ዛሬም ሲመጣ ብርድ።
ሠላሳ ሰባት ልጅ በዚያች አንድ ሳምንት።
ሠላሳ ስድስቱ ተኮሱ፣ ተኙ፣ ተነሡ።
የድንቄ አንድ ልጅ፣ ክንፉ፣
አልተነሣም።

ማንም አልከሰሰው። እሷም አልከሰሰች፤
ባል የሞተባት ናት፤ በሯን ዘግታ ቀረች።
ሰኔ ሲገባ ግን፣ ጎሕ ሳይቀድ ገና
በሬ ጠምዶ ወጣ ወልደሐና
ወደ ድንቄ መሬት።
አረሰ። ውሃ እንኳ አላቀረበችለት፤
በበሯ ስንጥቅ ግን ስታየው አየኋት።
በዓመቱም አረሰ። በዓመቱም።
ከብቱ ያለቀ ለት በዶማ ቆፈረ፤
መዳፉ ተሰንጥቆ፣ ጣቱ አልታጠፍ ብሎ፣
ሌሊት ለሰው አጥንት ሲጠራ አፈረ።

ሰባተኛው ክረምት። ዝናም። ማንም አልተጣራ።
ውሻውም አልጮኸም።
ከደጅ የቆመች ሴት፣ ጭቃ የለበሰች፣
ድንቄ ናት። ሁለት ወጌሻ መንገድ ላይ አልፋ፣
የሰበረችውን ክንድ በደኅናው ደግፋ።

ጧፉን ላጠፋው ስል «ተው» አለኝ፤ «ይብራ።»
ስለ በግ፣ ስለ ዝናም ምንም ሳያወራ
ክንዷን ያዘ። እጁ፣ ያ ጠያቂው እጁ፣
ተንቀጠቀጠበት።
«ቀስ በል» አለችው።
ከሰባት ዓመት ወዲህ የሰማው ቃል ይኸው።

በአርባ ቀኗ መጣች ገብስ አዝላ።
«ካንቺስ...» ሊል ሲጀምር «ስፈር» አለች፤
«እንደ ማንም ሰው ነኝ።» ቁናውን አየች።
ሰፈረ። ከአፉ የተረፈውን
በእፍኙ ጠርጎ መለሰላት፤
በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።
ደኅና እደሩ ብላ ወጣች።

ማታ ሚስቱ ቆላችው። እኔም ደረሰኝ።
እሱ አንድ እፍኝ ይዞ ብዙ ሳይቆረጥም ቆየ።
እኔ ግን ርቦኛል፤ ልጅ ነኝ፤ ቆረጠምኩት።
ጣዕሙን ብትጠይቁኝ፣
ገብስ ገብስ ይላል።