የአስተርጓሚው ደሞዝ

ቦይማ ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣
ቦንቴ ወደብ ወረደ የሕግ ካባ ሸምቶ።
የቆርቆሮ ሣጥኑን ከፍተው ሲመለከቱ፣
«ይሄ ደግሞ ምን አውሬ ነው?» አሉ ጎረቤቱ።
ከፈረስ ጭራ ነው፤ የጠበቃ ፀጉር፤
በዚህ ሙቀት ደፍቶት ቆሞ ሊከራከር።

ተማሪ ሳለ ነው ለእናቱ የጻፈው፣
«እዚህ ጠበቃነት እራት በመብላት ነው፤
ይህን ያህል ማታ በካባ ካልበላህ፣
ፈተናውን ብታልፍ ማን ፈቃድ ሊሰጥህ?
ክፍሌም ይበርዳል፤ ሳንቲም ካላጎረስኩት
ምድጃው አይነድም።»
ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ በረንዳዋ ላይ፣ ማታ፤
«ከበላስ ይረታል» አለች እናቱ፣ ተደስታ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት
በዳኛና በሰው መሃል የቆምኩበት፤
የሜንዴን እንባ ወደ እንግሊዝ ቀድቼ፣
የእንግሊዝን ብይን ለሜንዴ ፈትቼ፣
እንደ ወንፊት ኖርኩኝ፤ ያለፈብኝ አልፎ፣
የቀረው ገለባ እላዬ ተራግፎ።

የመጀመሪያ ጉዳዩ የማቱ ጀልባ ነው።
ባሏ እንደ ሞተ፣ ነጋዴው በዕዳ ያዘው።
«ዐሥራ አንድ ሸክም ቃጫ ከፍሎታል» ትላለች፤
ወረቀት ሲጠይቋት እጇን ታሳያለች።
ማቱ አክስቱ ናት፤ አዝላ ያሳደገች፤
አሁን ከፊቱ ምስክር ሆና ቆመች።

ቦይማ ተነሣ። ላቡ በፀጉሩ ሥር
ይወርዳል፤ ጀመረ በእንግሊዝኛ ሊናገር።
«እመቤት፣ ሟቹን ያውቋቸው ነበር?» ሲላት፣
ወደ እኔ ዞረች። ግራ ገባት።
ተረጎምኩላት።
«ይሄ ልጅ ምን ነካው? ባሌ አይደለም ወይ
ዋና ያስተማረው፣ እዚሁ ወንዝ ላይ?»
«አዎ ብላለች» አልኩ፤ በአጭሩ ተረጎምኩ፤
የቀረውን ዛሬም ለዳኛ አልነገርኩ።

ቦይማ ግን ሰምቷል። ጆሮው የእናቱ ነው።
የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤
ጠጋ ብሎ አላት፣ በሜንዴኛ፣ «አክስቴ፣
ማን አሰረው ቃጫውን?» «እኔ ነኛ፣ በጉልበቴ!»
«እስቲ ቋጠሮሽን?» ፈታች መቀነቷን፣
ፊቱ ቋጠረችው ያንን የራሷን።
«እንዲህ ያለ ቋጠሮ ነጋዴው መጋዘን
ዐሥራ አንድ ቢገኝ፣ ደረሰኝ አይሆን?»

ዳኛ ፔልሃም ጮኸ፤ «የችሎቱ ቋንቋ!»
ቦይማ ይቅርታ አለ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሚገባ።
ከዚያ ዳኛው መቀነቱን ተቀብሎ አየው፤
አገላበጠው፤
በጥፍሩ ሊፈታው ሞከረ። አልፈታው።
«ተርጉም!» አለኝ ወደ እኔ። ያን ቋጠሮ እኔ
በየትኛው ቃል ልፍታ? አቀረቀርኩ ዓይኔን።

ያን ቀን እንደ ቦይማ፣ እንደ ሎንዶኑ እራት፣
ደሞዜን በላሁት፣ ቃል ሳልሠራበት።