አባቴ ውሃ ሲቀምስ

ወንዝና ባሕር ድንበር በሚጋፉበት፣ በካ ማው ዳርቻ፣
የቦይ በር ነበረን፤ ቁልፉ የአባቴ ምላስ ብቻ።
ኪየም ጎህ ሳይቀድ ይወርዳል፣ ጣቱን ይነክራል፣
ይቀምሳል፣ ይተፋል፣
ከዚያ ይፈርዳል፦
«አልጫ ነው፣ ክፈቱ!»
«ጨው ነው፣ ቶሎ ዝጉ!»
ባሕሩ ከውጭ ሆኖ በሩን ሲያንኳኳ ያድራል፣
ሩዛችን ከውስጥ ጠጥቶ ይተኛል።

መሬት የማኅበር ሳለ ደወል ነበር ጌታ፤
በደወል ወጥተን ጠዋት፣ በደወል ገብተን ማታ፣
ድካማችን በነጥብ ተመዝግቦ፣ በነጥብ ተሰፈረ።
የሁሉም ነው የተባለው እርሻ የማንም ሆኖ ቀረ፤
ያለ ነጥብ የሠራ አረሙ ብቻ ነበረ።

ኋላ ቀይ ደብተር መጣ፤ በስማችን፣ በማኅተም።
ማንበብ የማይችለው አባቴ አሸተተው እንደ ሽቶ ቀለም።
«አገር በሯን ከፈተች» አለ የመንደሩ ድምፅ ማጉያ፤
እኛ የመሰለን የሩቅ በር ነው፦ የመርከብ፣ የገበያ።

በዘንዶው ዓመት፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣
ጎረቤታችን ቱዋት ዶማ ይዞ ወጣ።
አንድ ኪሎ ሽሪምፕ ስንት ኪሎ ሩዝ እንደሚያወጣ
መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎታል።
ሌሎችም ተከተሉት። ግድቡ ተናደ።
ጠዋት አባቴ ወረደ፣ ቀመሰ፣
«ጨው ነው» አለ።
ማንም አልዘጋም።

በመጀመሪያው ዓመት ሆንዳ ገዛን፤
እናቴ ቱየት የወርቅ ጥርስ አስገብታ ሳቋ ዋጋ አወጣ።
በሦስተኛው ነጭ ነጠብጣብ ኩሬው ውስጥ ገባ፤
ሳቋን ነቅለን የመኖ ዕዳ ከፈልን።
ወንድሜ ሎክ ጫማ ፋብሪካ ሄደ፤
አይቶት ለማያውቀው እግር ሶል ያጣብቃል።
ኮኮናቱ ከአናቱ ደረቀ። ዳክዬዎቹ መቼ እንዳለቁ
አላስታውስም።
ሩዝ በኪሎ እንገዛለን። ከረጢቱ ላይ
የሩዝ ማሳ ሥዕል አለ፣ አረንጓዴ፣ እስከ ጫፍ ድረስ።
እናቴ ከረጢቱን አትጥለውም።

አባቴ ሰማንያ አልፎታል። ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ይወርዳል፤
ያው ጣት፣ ያው ምላስ፣ ያው የእንጨት በር።
ዝናብ ሲበዛ ኩሬው ይቀጥናል፣ ሽሪምፑ ይታመማልና
ይቀምሳል፣ ይተፋል፦
«ጨው ነው፣ ክፈቱ።»
«አልጫ ነው፣ ዝጉ።»
ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አንድ ቀን አልተሳሳተም።

ትናንት ቀመሰ፤ አልተፋም። ቆሞ ቀረ።
«ምንድን ነው?» አልኩት፣ እጄ በሩ ላይ እንዳለ።
«የዝናብ ነው» አለ።
ዋጠው።
ፊቱን ወደ ኮኮናቱ ጉቶ አዙሮ፣
«ዝጊው» አለኝ።