መስመር ሰባት

ከኦፋኪም ወጣ ብሎ፣ ካሮት በሚያሽግ መጋዘን፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆምሁ፣ ስመርጥ፣ ስለካ፣ ስመዝን።
ቀጥ ያለው ለአውሮፓ፣ ጠማማው ለከብት መኖ፣
ሁለት እግር ያበቀለው የሻይ ሰዓት ቀልድ ሆኖ።
እጄ ለካሮት ዓይን አለው፣ በጨለማም አይሳሳት፤
እስክሪብቶ ሲሰጡት ግን ይሸሻል እንደ ነካው እሳት።
ፊርማዬ ክብ ነበረች፣ መሃሏ አንዲት ነጥብ ያላት፤
ልጄ «የዶሮ ዓይን» ብላ፣ እየሳቀች ስም አወጣችላት።

ከዚያ ናፍታሊ፣ ባለቤቱ፣ አንድ ቀን ማሽኑን አቁሞ፣
ሣጥን ላይ ወጣና ጮኸ፣ ከፎቶ አንሺ ጎን ቆሞ፦
«ትምህርት ቤት ከፈትን! ለሴቶች ማክሰኞ ማታ፣
ከሰዓት ለገጠር ልጆች፤ ሁሉም ነጻ፣ ሁሉም ስጦታ።»
በር የሚያህል ቼክ አመጡ፣ ከካርቶን የተቆረጠ፤
እኔና ነጅላ ስንይዘው፣ በነፋስ ተንቀጠቀጠ።
ነጅላ በደዊን ናት፣ መብራት ካልደረሰበት ሰፈር፤
«ጣራ ይወጣዋል» አለችኝ፤ ሳቄን መዋጥ ጭንቅ ነበር።

አልዋሽም፤ ደስ ብሎኛል።

መምህራችን ኦስናት፣ ልጄን የምታህል ወጣት ነች፤
ፊደሉን ከካሮት ቀርጻ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።
ላሜድን ነጅላ በላቻት፤ ሜምን እኔ ኪሴ ከተትሁ፤
ሲነጋ ደርቃ፣ ተጨማድዳ፣ እንዲያም ሆና ስሟን አወቅሁ።
የነጅላ ትንሿ ልጅ፣ ከሰዓት ክፍል የምትማር፣
ማታ ከኋላችን ቆማ እናቷን ታርም ጀመር።

ዘጠነኛው ወር ላይ ነው። ቱሉሽ የሚሉትን የደመወዝ ወረቀት
እንደ ወትሮው ሳላጥፈው፣ አውቶቡስ ውስጥ ዘረጋሁት።
ስሜን አገኘሁ፦ እንጉዳይ።
ቀጥሎ ሰዓቴን፣ ቀኔን።
መስመር ሰባት፦ አርባ ሸቀል፣ ከፊቱ የመቀነስ ጭረት።
ላሜድ፣ ዩድ፣ ሜም አልሁና፣ ቫቭን አልፌ እስከ ዳሌት፣
አፌ ውስጥ ገጠመ ቃሉ፦ «ሊሙዲም»። ትምህርት ማለት።

ትምህርት! ያ ነጻ የተባለው፣ ያ በቼክ የተነፋው፣
ከኔው ኪስ በየወሩ አርባ አርባ እያለ የጠፋው።
በኛም አፍ ዘመድ አለው ቃሉ፤ ለመደ ነው ሲተካ፤
እኔ ንባብ ስለምድ፣ እሱ መውሰድ ለምዷል ለካ።

በወሩ ማብቂያ እንግዶች መጡ፣ ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለበሰ፤
የማነበው የምስጋና ቃል፣ ተጽፎ እጄ ደረሰ።
ቆጠርሁት፤ «እናመሰግናለን» ዘጠኝ ጊዜ ተጽፎበታል፤ ዘጠኝ ጊዜ!
አጥፌ ኪሴ ከተትሁና፣ ቱሉሼን አነበብሁበት።
ቀስ እያልሁ ነው ያነበብሁት፣ መንተባተቤም አልቀረም፤
አዳራሹ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ናፍታሊ በኋላ መጣ፣ ከእቃ መጫኛው ጓሮ፣ ብቻውን።
«አላወቅሁም» አለኝ፤ «ሂሳብ ሹሙ ነው፣ በልጆቼ ማልሁ፤
ወረቀቱ ሲቀርብልኝ፣ ሳላነበው ፈረምሁ።»

ሳላነበው።

አየሁት። ባለ መነጽር፣ ባለ ዲግሪ፣ ባለ መሬት።
«እኔስ ፊደል አልነበረኝም፤ አንተ የጨፈንኸው በምን ምክንያት?»

የሰባት ወሩን መለሰ፤ የሁለቱን እጠብቃለሁ፤
በደብተሬ የኋላ ገጽ፣ በየማክሰኞው እጽፈዋለሁ፤
የእጅ ጽሑፌም በዚያው ያምራል።
ፎቶው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፤ ቼኩን ይዘን፣ ጥርሳችን ወጥቶ፤
ነጅላ ባለፈች ቁጥር «ጣራዬ!» ትለዋለች፣ ጣቷ ወደሱ ተዘርግቶ።

ትናንት በበሩ ሲያልፍ ጠራሁት፦ «ማክሰኞ ማታ ቦታ አለ፣
ከነጅላ ጎን። ሰማንያዬን ይዘህ ና።» ቆመ፤ ሊመልስ መሰለ፤
ራሱን ነቀነቀና ሄደ። እሺ ይሁን፣ እምቢ፣ አልገባኝም።

ወንበሩን ግን ጠርገን አስቀምጠናል።